የምድር ወገብን ተኝታ ያለፈችው ቲቸር እልፍነሽ

ቲቸር እልፍነሽ ሄዳለች። ሰኞ ጠዋት በሯ ላይ ትልቁ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ ሰፈራችን ውስጥ ሥራ የሠራ ሰው የለም።

«ሳትነግረን?» አለች እናቴ፣ ዓይኗን እንዳላመነች ቁልፉን እየነካካች። «ለእህቴ ልጅ ሽሮ አስፈጭቼ፣ ቋጥሬ ተቀምጬ!»

«የኔስ በርበሬ?» አለች የማዶዋ ጎረቤታችን። «በዚህ ክረምት ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር እያወጣሁ ያሰጣሁት በርበሬ!»

«ሰው እንዴት እንደ ሌባ ሹልክ ብሎ ኬንያ ይሄዳል?»

የሚያያቸው ሰው ለቅሶ የመጡ ይመስሉታል። ሐዘኑ ግን የዕቃ ነበር። እኛ ሰፈር ውጭ አገር የሚሄድ ሰው የራሱ አይደለም፤ ግማሹ ሰው፣ ግማሹ ፖስታ ቤት ነው። «ልሄድ ነው» ካለ፣ ቋጠሮ ያልያዘ ጎረቤት አይሰናበተውም።

እኔ ከኋላ ቆሜ ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነክሻለሁ። ለምን ሹልክ ብላ እንደሄደች ይገባኛላ! ባለፈው ክረምት ጭነን ጭነን ምን እንዳደረግናት ሰፈሩ ረስቶት ይሆናል። እኔ አልረሳሁም። እሷን ደግሞ መቼም አልረሳትም።

ቲቸር እልፍነሽ ዘንድሮ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ነበረች። ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ብዙም ሳይርቅ፣ ከኛ ግቢ ቀጥሎ ካለው ቪላ ጀርባ ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። አጭር ናት፤ ስትራመድ ግን ረጅም ሰው የሚሄድ ይመስላል። መነጽሯን በጫማ ክር አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። ስታስብ ጠመኔ የያዘ ጣቷን አፍንጫዋ ላይ ስለምታሳርፍ፣ ወደ እረፍት ሰዓት ገደማ አፍንጫዋ ነጭ ነው።

መጀመሪያ ክፍላችን የገባች ቀን ሁላችንም ብድግ ብለን «እንደምን አደሩ ቲቸር!» አልናት። ዞር ብላ ከኋላዋ አየች።

«ማን አለ ከኋላዬ? አደሩ ስትሉኝ ሌላ ሰው ተከትሎኝ የገባ መሰለኝ። እኔ አንድ ሴትዮ ነኝ፤ አንቺ በሉኝ።»

እናቴ ይህን ስትሰማ «ትልቅ ሰው አንቺ ይባላል? ስድ ልታደርጋችሁ ነው!» ብላ ተቆጥታ ነበር። ግን «እርስዎ» ስንላት እውነትም ወደ ኋላ እየዞረች ስለምታይ፣ በሳምንቱ ሁላችንም ለመድነው።

ሌላው ጉዷ ግራና ቀኝ የሚባል ነገር አለማወቋ ነው። «ጠመኔውን ከጠረጴዛው በስተ ምሥራቅ አቀብዪኝ» ትላለች። ሰው ቤት ተጋብዛ «ጨዋማው ወጥ በስተ ደቡብ ያለው ነው» ብላ አስተናጋጇን አሳቅቃለች። የጥጉ ሱቅ ባለቤት እትዬ ዘሀራ ዘንድ ሄዳ «ከዘይቱ በስተ ሰሜን ያለውን ሳሙና ይስጡኝ» ያለቻቸው ጊዜ እትዬ ዘሀራ ወገባቸውን ይዘው፦

«ሴትዮ፣ እኔ ሳሙና እንጂ አገር አልሸጥም!» አሏት።

ከጊዜ በኋላ ግን እሳቸውም ተጋባባቸው። አንድ ቀን እኔን «ስኳሩን ከምሥራቅ በኩል አንሺ፣ የምዕራቡ እርጥበት ነክቶታል» ብለውኝ ራሳቸው ሳቁ።

እትዬ ዘሀራ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ ሰፈራችን ውስጥ ስልክ ያለው ሱቅ የእሳቸው ብቻ ነው። አንድ ልጅ አላቸው፣ ከድር። ከሦስት ዓመት በፊት በጭነት መኪና በሞያሌ በኩል ኬንያ ሄደ። አንድ ጊዜ ደውሎ «ናይሮቢ ደርሻለሁ፣ ንግድ ጀምሬያለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

ሱቃቸው አውሮፕላን ሲያርፍ ዝቅ ብሎ ከሚያልፍበት ሥር ነው። አውሮፕላን በመጣ ቁጥር እትዬ ዘሀራ ሚዛኑን እንደያዙ ትተው ይወጣሉ፤ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው እስኪያርፍ ያዩታል። «ልጄ ሲሄድ በመኪና ነው የሄደው፤ ሲመጣ በአውሮፕላን ነው» ይላሉ። ከዚያ ተመልሰው ስኳሩን ይጨርሳሉ። ሰፈራችን በረባ ባልረባው የሚሳሳቅ ሰፈር ነው፤ በዚህች ግን ሲስቅ ያየሁት ሰው የለም።

አሁን ወደ ጉዞው ልግባ። ነገሩ የተጀመረው በኔ ጥያቄ ነው።

ቲቸር እልፍነሽ የምድር ወገብን ስታስተምር መስመሩን ከጥቁር ሰሌዳው ታስጀምርና ሰሌዳው ሲያልቅባት ግድግዳው ላይ እየቀጠለች እስከ መስኮቱ ታደርሰዋለች። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

 ጣቷ አፍንጫዋ ላይ አረፈ።

«አላየሁም» አለች። «ሕይወት፣ ጉድ አደረግሽኝ። ይኸው ፀጉሬ እስኪሸብት ያላየሁትን ነገር ሳስተምር ኖርኩ። በደርግ ጊዜ እንኳን የምድር ወገብ፣ ደብረ ብርሃን ለመሄድም ወረቀት ይጠየቅ ነበር።»

«አሁንስ?»

ካርታው ላይ አፈጠጠች። ከአዲስ አበባ ወደ ታች፣ በሞያሌ፣ በማርሳቢት አድርጋ በጣቷ ወረደች።

«አሁንማ…» አለች፣ «አሁንማ ምክንያት አለቀብኝ።»

በዚያው ሳምንት መርካቶ ሄዳ ከሰልባጅ ተራ አንድ ትልቅ ቀይ የጀርባ ቦርሳ ገዝታ መጣች። ፈረንጆች ተሸክመውት የሚዞሩት ዓይነት፣ ከራስ በላይ የሚወጣው። እሷ ስትሸከመው ከኋላ ሲያዩዋት ቦርሳ ብቻውን እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። ለመለማመድ መጻሕፍት ሞልታበት ቅዳሜ ቅዳሜ ከቦሌ ተነስታ በገርጂ አድርጋ ሰሚት ሜዳ ድረስ በእግሯ ትሄድ ጀመር። ሰሚት ምን አለው? እርሻና ከብት። እኛም አራት አምስት ሆነን እንከተላታለን።

አንድ ቅዳሜ ገርጂ ላይ ዛፍ ሥር የተቀመጡ ሦስት ሽማግሌዎች አስቆሟት።

«ልጄ፣ ቁሚ እስቲ። ባልሽ ምን ቢያደርግሽ ነው ዕቃሽን ጠቅልለሽ የወጣሽው?»

«ኧረ ባል የለኝም አባቶቼ።»

«ስትናደዱ ሁላችሁም ባል የለኝም ነው የምትሉት» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ከዚያ እኛን አዩን። «ጭራሽ ልጆቹንም ይዛ ወጥታለች! አምስት ልጅ! ባሏ ምን ዓይነት ጨካኝ ነው?»

«የጎረቤት ልጆች ናቸው፣ ተማሪዎቼ…»

«ተይ ልጄ፣ ገበና ይሸፈናል፤ ልጅ ግን አይካድም። ቁጭ በሉ፣ ውሃ ጠጡ። አሁኑኑ ሄደን እናስታርቃችኋለን። ቤታችሁ የት ነው?»

ቁጭ አልን። ውሃ ጠጣን። ቆሎ መጣልን፣ ቆረጠምን። ቲቸር እልፍነሽ ብትምል ብትገዘት አልሰማ ቢሏት ቦርሳውን ፈትታ መጻሕፍቱን አሳየቻቸው። ሽማግሌው አንዱን አንስተው አገላበጡና ለጓደኞቻቸው፦

«ይኸው፣ ጠቡ ታወቀ። እንዳታነብ ከልክሏት ነው» አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ በሳቅ መራመድ አቅቶን ነበር። እሷ ግን ሳቋን ጨርሳ «አያችሁ፣ ካርታ አይዋሽም፤ መንገድ ግን ያሾፋል» አለችን። ይህን አባባሏን ያኔ ነው መጀመሪያ የሰማሁት።

ለጉዞው ያሰበችው ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ትርፍ ጫማና አንድ ካርታ ብቻ ነበር። «ቀለል ብዬ ነው የምሄደው» ትላለች። ኧረ ተይኝ! ወሬው በወጣ በሁለተኛው ቀን በሯ ላይ ሰልፍ ነበር። ሽሮ። በርበሬ። ድርቆሽ። ለአንዱ ልጅ ጋቢ፣ ለአንዷ ልጅ የእግዚአብሔር ስም የተጻፈበት ሥዕል ከነመስታወቱ። ቲቸር እልፍነሽ እምቢ ማለት አልፈጠረባትም። ሽሮው ሲገባ አንዱ ቀሚስ ወጣ። ድርቆሹ ሲገባ ፎጣው ወጣ። እኔ ዕቃ እያቀበልኳት ነበር፤ በመጨረሻ ካርታውን ደረቷ ላይ አቅፋ «ይህችን ብቻ አላስነካም!» አለች።

እትዬ ዘሀራ ከሁሉ በኋላ መጡ። አልገቡም፤ ደጃፉ ላይ ቆሙ። በእጃቸው አፉ በላስቲክ ድርብርብ ተደርጎ የታሰረ የወተት ቆርቆሮ ይዘዋል።

«ቅቤ ነው» አሉ። «ራሴ ነኝ ያነጠርኩት። ለከድር።»

«አድራሻው እትዬ ዘሀራ?»

«ናይሮቢ።»

«ናይሮቢ የት?»

«ናይሮቢ ነዋ! ከድር ነው ስሙ። ረጅም ነው፣ ታገኚዋለሽ።»

ቲቸር እልፍነሽ ናይሮቢ ምን ያህል ሕዝብ እንዳለ ክፍል ውስጥ ያስተማረችን እሷ ናት። አፏን ከፈተች፤ እትዬ ዘሀራን አየቻቸው፤ መልሳ ዘጋችው። ከቦርሳው ትርፍ ጫማዋን አወጣችና በቦታው ቆርቆሮውን አስገባች።

«አደራ» አሉ እትዬ ዘሀራ። 

አደራ ከተባለ በኋላ ምን መመለሻ አለው?

መንገድ ላይ የሆነውን የሰማነው ከተመለሰች በኋላ፣ የቤቷ ደረጃ ላይ ተኮልኩለን ነው፤ እኔ ግን በተራው ልንገራችሁ።

እስከ ሞያሌ በአውቶቡስ በሰላም ደረሰች። ከሞያሌ በኋላ አውቶቡስ የለም፤ ፍየል ወደ ናይሮቢ የሚወስድ የጭነት መኪና ላይ፣ ከፍየሎቹ በላይ በተጋደመው እንጨት ላይ፣ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ተቀመጠች። «ያቺ ፀሐይ» ትላለች፣ «እዚህ ቦሌ ከምትወጣዋ ጋር ዘመድ አይደለችም።» ቅቤው ቀለጠ። ላስቲኩን አልፎ ሽሮው ውስጥ ገባ፤ ከሽሮው ወደ ቀሚሷ፤ ከቀሚሷ ወደ ካርታዋ። «መጀመሪያ ሱዳን ጠፋች። ቀጥሎ ኡጋንዳ ወዛች። ማርሳቢት ስንደርስ ከምሥራቅ አፍሪካ የቀረኝ ጅቡቲ ብቻ ነበር።» ከሥር ያሉት ፍየሎች አንገታቸውን እየሰቀሉ የቦርሳውን ጭራ ተራ በተራ ይልሱ ነበር አሉ።

ሾፌሩ የሞያሌ ሰው ነው፣ አማርኛ ይችላል። «የምድር ወገብ ስንደርስ እንዳትረሳኝ፣ ቀስቅሰኝ» አለችው። «እሺ ቲቸር» አላት። ምድረ በዳው አልቆ አየሩ ሲቀዘቅዝላት፣ ስንት ቀን ያልተኛች ሴትዮ፣ ቦርሳዋን እንደተንተራሰች እንቅልፍ ጥርግ አድርጎ ወሰዳት። ስትነቃ ፎቅ በፎቅ ሆኗል።

«የምድር ወገብ ደረስን እንዴ?»

«ቲቸር፣ ይህ ናይሮቢ ነው።»

«ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

«ቀስቅሼሻለሁ እኮ! ናኑኪ ላይ ጎማ ተንፍሶብን፣ እዚያው 'የምድር ወገብ' የሚለው ሰሌዳ ሥር ቆመን አሠርተናል። 'ቲቸር፣ ቲቸር' ብዬ ስጮህ፣ ዓይንሽን ሳትገልጪ 'ቁጭ በል!' አልሽኝ። ቁጭ ብዬ ነዳሁ።»

እዚህ ላይ ስትደርስ እኛ ደረጃው ላይ እንንከባለላለን። እሷም ትስቃለች፣ ግን «ያን ዕለት አልቅሻለሁ» አለችኝ አንድ ጊዜ ብቻችንን ስንሆን። «በፍየል መኪና የምድር ወገብን ተኝታ ያለፈች የጂኦግራፊ መምህርት! እናንተን ተማሪዎቼን ምን ብዬ አያችኋለሁ?»

ናይሮቢ ውስጥ ርካሹ ማደሪያ፣ እንደሷ ቦርሳ የተሸከሙ የፈረንጅ ልጆች አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል የሚያድሩበት ነበር። መጀመሪያ ቀን ማታ ለራሷ ስንቅ የተሰጣትን ድርቆሽ ፈትፍታ ስታቀርብ፣ ልጆቹ እያንዳንዳቸው ፊታቸውን አዙረው የየራሳቸውን ቆርቆሮ ከፍተው ሲበሉ አየች። ደነገጠች። የተጣሉ መሰላት! አንዱን ቀይ ፂም ያለውን ጠቅልላ ልታጎርሰው እጇን ስትዘረጋ፣ ልጁ አፉን ግጥም አድርጎ ወደ ግድግዳው አፈገፈገ። በሁለተኛው ቀን እጁን ዘርግቶ ተቀበላት። ልትለቅ በምትነሳበት ቀን፣ «ገና ድርቆሹን ሳወጣው አፉን ከፍቶ ይጠብቀኝ ነበር፣ እንደ ወፍ ጫጩት» አለችን። ጓደኞቹም ቆርቆሯቸውን መሀል ላይ አዋጥተው አንድ ላይ መብላት ጀመሩ አሉ። እሷ እንዲህ ናት፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲበላ ካየች አያስችላትም።

የሰፈሩን ዕቃ በየተራ አደለች። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ጋቢው ፍየል ፍየል ይላል፤ ብቻ ደረሰ። የቀረው የከድር ቆርቆሮ ነው፤ ግማሹ ፈስሷል፣ ግማሹ አለ። ኢስሊ የሚባል የሐበሻ ሰው የሚበዛበት ሰፈር ሄዳ አንድ ምግብ ቤት ገባች። ገና ቁጭ ስትል ሰዉ ሁሉ አፍንጫውን እንደ ውሻ ቀና ቀና አደረገ።

«ወይኔ!» አለ ከጥግ የተቀመጠ ጎልማሳ። «ኮሰረት ያለው ቅቤ! ማን ነው ጨካኙ?»

ምግብ ቤቱ ሙሉ ሰው ከበባት። ቅቤው ግን የማን ነው? የከድር። የቱ ከድር? ረጅሙ። ከየት? ከቦሌ፣ የሱቋ የእትዬ ዘሀራ ልጅ። አንዱ አንዱን ጠየቀ፣ ያም ወጥቶ ሌላ ጠርቶ መጣ፤ ሻይዋን ሳትጨርስ አንድ ሰው፦

«ረጅሙ ከድር? ጎሚስታው? እሱማ እዚህ የለም። ናኑኪ ነው፣ የምድር ወገብ ሰሌዳው አጠገብ ጎማ ይጠግናል» አላት።

ቲቸር እልፍነሽ የሻይ ብርጭቆውን በስተ ምዕራብ አስቀመጠችና «መንገድ ያሾፋል» አለች።

ነገሩ በዚያ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ወደ ናኑኪ የቆረጠችው የአውቶቡስ ቲኬት ላይ ስምንት ሰዓት ይላል። እሷም ሰዓቷን እያየች፣ ደረቷን ነፍታ፣ ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ መነኸሪያ ደረሰች። አውቶቡሱ በጠዋት፣ በኛ ሁለት ሰዓት ላይ ሄዷል! «የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ያልገባውን ስንቱን ተማሪ ዜሮ ሰጥቻለሁ» አለችን፣ እጇን ራሷ ላይ ጭና። «ይቅር በሉኝ።» ጎመን አራግፎ ባዶውን በሚመለስ መኪና ላይ ለምና ተሳፈረች። በዚህኛው መንገድ ዓይኗን አልከደነችም፤ እንቅልፍ ሲመጣባት ጆሮዋን ትቆነጥጥ ነበር።

ናኑኪ ወረደች። ሰሌዳው አለ። ከሰሌዳው ሥር የተቆለለ ጎማ፣ ከጎማው አጠገብ ረጅም ልጅ።

«ከድር!»

ልጁ የጎማ መፍቻውን ጣለ።

«እናትህ ቅቤ ልካልሃለች።»

ከድር ቆርቆሮውን ተቀብሎ አሸተተው። ቀና ብሎ አያት፤ እንደገና አሸተተው።

«ቆይ፣ ቆይ… ባለፈው ሳምንት የፍየል መኪና ላይ ተኝተው የነበሩት እርስዎ ነዎት?»

ወደ ኋላዋ ዞራ አየችና «እኔ ነኝ» አለችው።

«ጎማውን ስፈታ የእናቴ ቅቤ ሸተተኝ። እጄን አሸተትኩ፣ ግራሶ ነው። 'ከድር፣ አበድክ' አልኩ ለራሴ። ከዚያ ከላይ በአማርኛ 'ቁጭ በል!' ሲባል ሰማሁ።»

«እና ምን አደረግክ?»

«ቁጭ አልኩ! ብድግ ስል መኪናው ሄዷል። ሮጬ ላቆመው ነበር፤ ግን ምን ብዬ?» አንገቱን ደፋ። «ለእናቴ ነጋዴ ሆኛለሁ ብያታለሁ። ጎማ እጠግናለሁ ብዬ እንዴት ልደውልላት?»

ቲቸር እልፍነሽ ክንዱን ይዛ ሰሌዳው ሥር ወሰደችው። አንድ እግሯን በዚህ፣ አንድ እግሯን በዚያ አድርጋ ቆመች። ዕድሜ ልኳን የፈለገችው ቦታ ነው። ወደ መሬት አየች።

«መስመሩ የታል?»

«የለም እኮ» አለ ከድር። «ሰሌዳው ብቻ ነው።»

«አየህ፣ ስንት ዓመት በጠመኔ ሳሰምረው የኖርኩት መሬት ላይ የለም። ያንተም ሐፍረት እንደዚሁ ነው፤ ያሰመርከው አንተ ነህ። በል ተሻገር! ስልክ ቤቱ በስተ ሰሜን ነው።»

አሁን የምነግራችሁን ማንም አልነገረኝም፤ ነበርኩ። እናቴ ስኳር ግዢ ብላ ልካኝ ሱቅ ቆሜያለሁ። እትዬ ዘሀራ እየመዘኑልኝ ነው። ስልኩ ጮኸ።

«ሄሎ፣ ማን ልበል? … እልፍነሽ! ደህና ነሽ ወይ? ከየት ነው? … ምን? … ማንን?»

ከዚያ በቀስታ የስኳሩ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ከስልኩ ውስጥ የወንድ ድምፅ፣ በጣም ቀጭን ሆኖ፣ «እማዬ» ሲል እኔ ራሴ ሰማሁት።

ልክ በዚያች ቅጽበት አውሮፕላን መጣ። ትልቁ ነበር። የሱቁ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፣ ሚዛኑ ተወዛወዘ፣ ምንም አይሰማም። እኔ እትዬ ዘሀራን አየኋቸው፤ አውሮፕላን መጥቶ ሳይወጡ ቀርተው አያውቁም። ብድግ አሉ። የስልኩን ሽቦ እስከ ጫፉ እየጎተቱ በሩ ድረስ ወጡ፤ ወደ ሰማይ ቀና ብለው ባላቸው ድምፅ ሁሉ፦

«ዝም በል አንተ! ልጄን እያናገርኩ ነው!» ብለው ጮኹበት።

አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ከአጥሩ ወዲያ ጠፋ። ጸጥ ሲል እትዬ ዘሀራ ስልኩን ጆሯቸው ላይ መልሰው፣ ሦስት ዓመት የተጠራቀመውን ጥያቄ ጠየቁት፦

«በልተሃል?»

እኔ ስኳሬን ረስቼ እየጮህኩ ሰፈሩን ዞርኩ። ወዲያው ሱቁ ሞላ፤ ሰው በሰው ላይ ተጋፋ፤ የሚያለቅሰው ያለቅሳል፣ እልል የሚለው እልል ይላል፤ እናቴ ደግሞ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርታ ወደ ስልኩ «ሽሮው ደረሰ ወይ?» ትላለች።

ቲቸር እልፍነሽ ስትመለስ ሰሌዳው ሥር የተነሱትን ፎቶ ይዛ መጣች፦ እሷ እጇን እንደ ክንፍ ዘርግታ፣ ከድር ቆርቆሮውን አቅፎ። እትዬ ዘሀራ ፎቶውን ወደ ብርሃን አውጥተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ከስቷል» አሉ። ቀጠሉና «ይቺ ሰሌዳ ምንድን ናት? ልጄን ከልላዋለች» አሉ።

«የምድር ወገብ ናት እኮ እትዬ ዘሀራ!»

«ትሁና! ፈቀቅ ብትል ምናለበት? ቅቤውስ ደረሰ?»

«ግማሹ ለከድር፣ ግማሹ ለኬንያ ሕዝብ።»

ከድር ለአረፋ በዓል መጣ፤ በመኪና ሄዶ፣ በመኪና። ባዶውን ቆርቆሮ አምጥቶ ለእናቱ መለሰላቸው፤ እሳቸውም አጥበው መደርደሪያው ላይ፣ ከዘይቱ በስተ ምሥራቅ አስቀመጡት። ሁለት ሳምንት ሰነበተና ወደ ጎማው ተመለሰ። አሁን በየዓርቡ ይደውላል።

እና ይኸው ሰኞ ዕለት፣ ሰፈሩ ሁሉ ቁልፉ ፊት ቆሞ ሲያኮርፍ፣ እኔ ወደ ሱቅ ሄድኩ። እትዬ ዘሀራ ብቻ ናቸው ከሱቃቸው ያልወጡት። ሩዝ ይለቅማሉ።

«እትዬ ዘሀራ፣ ቲቸር ሳትነግረን ሄደች።»

«ሰማሁ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

መደርደሪያውን አየሁ። ከዘይቱ በስተ ምሥራቅ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ አቧራው ላይ የቆርቆሮው ክብ ብቻ ቀርቷል። እሳቸውን አየኋቸው። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ አለ።

«ኬንያ ወዴት ነው የሄደችው?»

በሩዝ ማፈሻው አመለከቱኝ። «ወደ ደቡብ። ከድር ዘንድ ታድርና ከዚያ ወደ ምሥራቅ ትታጠፋለች። ባሕሩን ልይ ብላለች።»

አውሮፕላን ከላያችን አለፈ። እትዬ ዘሀራ ጠጠር አንስተው ጣሉ፤ ቀና አላሉም።

«ቅቤው ግን» አልኩ፣ «ያ በረሃ ላይ እንደገና ይቀልጥባታል እኮ!»

«ይቅለጣ!» አሉ። «ካልቀለጠ ልጄ መምጣቷን በምን ያውቃል?»